ስድስተኛው ድንጋይ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። መርፌ ነው የሚሏት። ግማሹ ስለቀጠነች ነው ይላል፤ ግማሹ ዕድሜዋን ከኮምፓስ መርፌ ጋር ስለጨረሰች ነው ይላል። እሷን ከጠየቃችሁ ግን «ስለምወጋ ነው» ትላችኋለች። እውነቷን ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ለመውጋት ስትሳል የኖረች ሴት ናት፤ ይህም ታሪክ እንዴት እንደወጋችው ነው።

የምትሠራው የቅየሳ መሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነው። በሩ ላይ «ዕቃ ቤት» የሚል ተለጥፏል፤ በሩ መሃል ደግሞ ዕቃ ማቀበያ መስኮት ተቆርጦለታል። ከመስኮቱ ፊት አንድ የእንጨት ትሪ አለ። ኮምፓስ ሊወስድ የመጣ ሁሉ ቁልፉን፣ ስልኩን፣ ሰዓቱን፣ ቀበቶው ብረት ካለው ቀበቶውንም ጭምር ትሪው ላይ ካላስቀመጠ ወደ መስኮቱ አይጠጋም። ብረት የኮምፓስ ጠላት ነዋ። አንድ ቀን አንድ ወፍራም ቀያሽ «ሱሪዬ ይወልቃል እኮ!» ብሎ ቢያማርራት «ሱሪህ ቢወልቅ መልሰህ ትታጠቀዋለህ፤ የተሳሳተ መርፌ ግን ገደል ይከትሃል» ብላ አስፈታችው። ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ ሲወጣ ያየ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም።

መደርደሪያዋ ላይ ስልሳ ኮምፓስ አለ። አንዱ የሌላውን መርፌ እንዳይስብ ስንዝር ስንዝር ተራርቀው ነው የተቀመጡት። ሰኞ ሰኞ ሁሉንም በቅርጫት ወደ ግቢው ታወጣቸዋለች። ግቢው መሃል አንድ የእንጨት ችካል ተተክሏል። እዚያ ቆማ ማዶ ኮረብታው ላይ ወዳለው የውሃ ታንከር እያነጣጠረች አንድ በአንድ ታነባቸዋለች። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዲግሪ ካለ ደህና ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ካለ ያ ኮምፓስ ወደ ጥገና ይሄዳል፣ ልመና አይሰማም። በዚህ ሁሉ ዘመን ከዚያ መስኮት የተበላሸ ኮምፓስ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ብልሹ ኮምፓስ ብቻ አስቀርታለች። የሆነ ሰው ማግኔት ያለበት ትልቅ ድምፅ ማጉያ ላይ ሲያሳድረው መርፌው ሰሜንና ምሥራቁ ጠፍቶበት ቀረ። ቀይ ክር አስራበት «ሰካራሙ» ብላ ሰይማዋለች። አዲስ ሠልጣኞች ሲመጡ ታወጣውና «ይኸውላችሁ፣ ከመጥፎ ጓደኛ ጋር ያደረ እንዲህ ነው የሚሆነው» ትላቸዋለች። ከጠረጴዛዋ መሳቢያ ሥር ደግሞ አንድ ያረጀ ፖስታ አለ። እሱን ለማንም አታሳይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ መርፌ የሠላሳ ሦስት ዓመት ቀያሽ ነበረች። የአንድ ትልቅ ጫካ ወሰን እንዲከለል ታዘዘና ሁለት ሰው ተላከ፤ እሷና ቀልጣፋው። ቀልጣፋው የተባለው ሌላ ሰው በአምስት ቀን የሚሠራውን በሁለት ቀን ጨርሶ ስለሚመጣ ነው። እንዴት አድርጎ እንደሚጨርስ የጠየቀው አልነበረም። ቶሎ ያለቀ ሥራ አለቃን ደስ ያሰኛል፤ ደስ ያለው አለቃ ደግሞ አይጠይቅም።

ሥራቸው ስድስት የወሰን ድንጋይ መትከል ነበር። አንዱ ድንጋይ ላይ ቆሞ በኮምፓስ አቅጣጫ ማንበብ፣ በዚያው አቅጣጫ በሜትር እየለኩ መሄድ፣ ርቀቱ ሲሞላ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀጣዩን ድንጋይ መትከል፣ ከዚያ ሁሉንም በመስክ ደብተር መጻፍ። አራቱን ድንጋዮች መርፌ ተከለች። ቁጥራቸውን በገዛ እጇ በመሮ ቀረጸችባቸው። በአራተኛው ማግስት ወባ ጣላትና በጭነት መኪና ወደ ከተማ ወሰዷት። የቀሩትን ሁለት ሊተክል ቀልጣፋው እዚያው ቀረ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር። ቀልጣፋው ግን በሁለተኛው ቀን ደብተሩን ሞልቶ፣ ጫማው ጭቃ ሳይነካው፣ እያፏጨ መጣ።

ዓመት ሳይሞላ ጣጣው ፈነዳ። ጫካው አጠገብ ያለ የእንጨት ድርጅት ወሰን አልፎ ዛፍ ቆረጠ ተባለና ድንጋዮቹ ይታዩ ቢባል አምስተኛውና ስድስተኛው የሉም። አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ቀልጣፋው ተጠራና ምን አለ? «አቅጣጫውን ሁሉ ሳትታመም አስቀድማ ያነበበችው እሷ ናት። እኔ እሷ ባለችኝ ቦታ ተከልኩ። ድንጋዮቹ ጫካው ውስጥ የሆነ ቦታ አሉ፤ የተሳሳተችው እሷ ናት። ኮምፓሱ ላይ ስታጎነብስ ጸጉሯ ላይ ብረት ነበር።» ይህን ብሎ ከደረት ኪሱ አንዲት ጥቁር የጸጉር ማስያዣ አወጣ። «ድንኳኗ ውስጥ ያገኘኋት ናት» አለ። ጠረጴዛው ላይ ኮምፓስ አስቀምጦ የጸጉር ማስያዣዋን ዙሪያውን ቢያዞራት መርፌው ተከትሏት ተወዛወዘ። ከኮሚቴው አንዱ «ሴትና ጌጥ!» አለና ሁሉም ሳቁ።

መርፌ መስክ ስትወጣ ጸጉሯን በሻሽ ጠፍራ ነው የምትወጣው። የጸጉር ማስያዣ ኖሯትም አያውቅም። «የእኔ አይደለም» አለች። «ታዲያ የማን ነው?» አሏት። የምታውቀው የእሷ አለመሆኑን ብቻ ነበር። በሳምንቱ ከመስክ ተነስታ ወደ ዕቃ ቤት የሚያወርዳት ደብዳቤ ደረሳት። ኮሚቴው የተበተነ ዕለት ጠረጴዛው ላይ ጥለዋት የሄዱትን የጸጉር ማስያዣ አንስታ ነበር፤ ፖስታ ውስጥ ከተተቻትና እላዩ ላይ «የጸጉር ማስያዣ፣ ብረት፣ አንድ። ባለንብረቱ ያልታወቀ» ብላ ጻፈች። ያቺ ፖስታ ናት መሳቢያው ሥር ያለችው።

እሱ ወጣ፣ እሷ ወረደች። መጀመሪያ የቡድን መሪ፣ ቀጥሎ ምክትል፣ በመጨረሻም የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሆነ። በሹመቱ የመጀመሪያ ሳምንት ኮሪደር ላይ ቢያገኛት እንደ ድሮው «እንደምን አደርክ» አለችው። ከአንድ ድስት የበሉ፣ ዝናብ አብሮ የመታቸው ሰዎች ናቸው። እሱ ግን ቆም አለና «አደሩ ነው የሚባለው» አላት፤ ሰው እየሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ ትለዋለች። እኔ ግን አንቱ አልለውም፤ ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

ይህም አልበቃው። ለሠልጣኞች መመሪያ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ምዕራፍ አራትን «የጸጉር ማስያዣዋ ታሪክ» አለው። አንዲት ግዴለሽ ቀያሽ በጸጉር ማስያዣዋ ምክንያት የጫካ ወሰን እንዳበላሸች፣ በኋላ እሱ ብቻውን፣ በዝናብ፣ ካርታና ኮምፓስ ይዞ ተመልሶ ስድስተኛውን ድንጋይ በደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ እንዳገኘው ይተርካል። ስሟን አልጻፈም። መጻፍ አላስፈለገውም። በየዓመቱ ምዕራፍ አራትን ያነበቡ ሠልጣኞች መስኮቷ ጋ ይመጡና መጀመሪያ የሚያዩት ጭንቅላቷን ነው። አንዷ ሌላዋን በክርን ጎሸም ታደርጋለች። ይህ ለአሥራ አምስት ዓመት በየዓመቱ ሆኗል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ በየዓመቱ እዚያው ቁስል ላይ እንጨት ሲሰዱበት ደግሞ እንዴት ብሎ ይረሳል?

አሁን ውሸቱን ወዳጋለጡት ሦስት ዲግሪዎች እንምጣ። የኮምፓስ መርፌ የምታሳየው ሰሜንና ካርታ ላይ የተሰመረው ሰሜን አንድ አይደሉም። እዚያ ጫካ ልዩነታቸው ሦስት ዲግሪ ነው። ካርታው ላይ ሰባ አራት የሆነውን መስመር መሬቱ ላይ ቆመህ በኮምፓስ ብታነበው ሰባ አንድ ይልሃል። ይህን የማያውቅ ቀያሽ የለም፤ ቀልጣፋውም ያውቀዋል። ነገር ግን የሚያውቁት ሁሉ ሲዋሹ አይታወስም።

አሮጌ የመስክ ደብተሮች ዕቃ ቤት ነው የሚከማቹት። አንድ ቀን አቧራ ስታራግፍ ያ ደብተር እጇ ገባ። ካርታውን ዘርግታ አስተያየችው። የራሷ ንባቦች በሙሉ ከካርታው በሦስት በሦስት ዲግሪ ያንሳሉ፤ እንደሚገባቸው። የእሱ ሁለቱ ግን አንዱ ካርታውም ላይ ደብተሩም ላይ መቶ አሥራ ስምንት፣ ሌላው ካርታውም ላይ ደብተሩም ላይ ዘጠና አምስት። አንዲት ዲግሪ እንኳ አይዛነፉም። ኮምፓስ አንስቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ሊገጥሙ አይችሉም። ሰውዬው የሆነ ሆቴል ጠረጴዛ ላይ ካርታውን ዘርግቶ፣ ማዕዘኑን በፕሮትራክተር ለክቶ፣ በኮምፓስ ያነበበ አስመስሎ ጽፎታል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው።

ግን ወረቀት ወረቀት ነው። እግሯ ሳይረግጠው ማመን አልሆነላትም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የዓመት ፈቃድ ወሰደችና ለታላቅ እህቷ «ዘመድ ልጠይቅ» ብላ ጫካ ገባች። ከራሷ አራተኛ ድንጋይ ተነስታ፣ መቶ መቶ እርምጃ ስትሞላ አንድ ጠጠር ከቀኝ ኪሷ ወደ ግራ ኪሷ እያዛወረች፣ በደብተሩ አቅጣጫ ሄደች። አምስተኛው ቦታ ላይ ምንም የለም። አቅጣጫውን እየቀያየረች፣ በካርታውም ሰሜን በኮምፓሱም ሰሜን እያሰላች ፈለገች፤ የለም። ወደ ስድስተኛው ስትቀጥል እስከ ጉልበቷ ሰጠመች። ረግረግ ነው፣ ዓይን እስከሚያይ ቄጠማ የበቀለበት። ካርታው የተሠራው በበጋ ከአውሮፕላን በተነሳ ፎቶ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ደግሞ ቄጠማ ለምለም መስክ ይመስላል። ቀልጣፋውም መስክ መስሎት «ደረቅና ጠንካራ መሬት» ብሎ ጻፈ። መርፌ ጭቃው ውስጥ ቆማ ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ ጠላችው፤ እንደዚያ ቀን ሰው ጠልታ አታውቅም።

ለምን አልተናገረችም ትሉኝ ይሆናል። ለማን? ማመልከቻው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። «በዕቃ ቤት የተመደበች ቂመኛ» ተብላ መስኮቷንም ታጣዋለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው፤ ዝም አይነቅዝም። ሃሳቧ አንድ ነበር። እሱ ራሱ፣ በራሱ እግር፣ ምስክር እየሰማና እያየ፣ እዚያ ረግረግ ዳር መቆም አለበት። ዘንድሮ ግን የጡረታ ደብዳቤው ወጣ። በሁለት ወር ውስጥ ተሸኝቶ ሊሄድ ነው። ከሄደ ምዕራፍ አራት የዘላለም ሆኖ ይቀራል፤ እሷም በተራዋ ጡረታ ስትወጣ ከኋላዋ የሚቀረው አንድ የጸጉር ማስያዣ ብቻ ነው። እንቅልፍ የነሳት ይህ ነበር።

እንዲህ ሆና ሳለች የሠልጣኞቹ መምህርት፣ ቀና የሆነች ወጣት ሴት፣ ቁልፏን ትሪው ላይ ጥላ መስኮቱ ጋ መጣች።

«እትዬ፣ ለአለቃ መሸኛ ምን እንስጣቸው? አንዱ ሰዓት ይላል፣ አንዱ ሶፋ ይላል፤ ግራ ገባን።»

መርፌ የያዘችውን ኮምፓስ ቀስ ብላ ቦታው መለሰችው። «ሰዓትማ ስንት አላቸው። ድንጋያቸው ጋ አትወስዷቸውም?»

«የቱ ድንጋይ?»

«ስድስተኛው ነዋ! መጽሐፉ ላይ ያለው። ሠልጣኞቹ ኮምፓስ ይያዙ፣ እሳቸው ይምሩ። ስማቸው የተጻፈበት ሰሌዳ አሠሩና እዚያው ድንጋዩ ላይ ምቱላቸው።»

መምህርቷ ዓይኗ በራ። «እትዬ! እንዴት ያለ ሃሳብ ነው! እርስዎም ይመጣሉ፣ ግድ ነው።»

«ሰሌዳው ግን ከነሐስ ይሁን» አለች መርፌ። «ብረት ከሆነ ኮምፓስ ያሳስታል። በኋላ ምክንያት እንዳይሆን።»

ስብሰባ ላይ ሃሳቡ ሲነገር ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። ቀልጣፋው ፈገግ እንዳለ ደረቀ። «ጉልበቴ እኮ…» ብሎ ነበር። «ቀስ ብለን ነው የምንሄደው፣ አይዞዎት!» አለችው መምህርቷ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው መርፌ ከሁሉም በኋላ እስክትቀር አጨበጨበች።

ከጉዞው በፊት ባለው ቀን፣ ጠዋት፣ ቀልጣፋው ራሱ ምድር ቤት ወረደ። ኃላፊ ከሆነ ወዲህ እግሩ ያን ደረጃ ረግጦት አያውቅም። ሳይነገረው ቁልፉንና ሰዓቱን ትሪው ላይ አስቀመጠ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ ጌታዬ።»

«ነገ ጫካ ልትወስዱኝ ነው አሉ።»

«የሚወስዱንማ እርስዎ ነዎት። የሚመሩንም እርስዎ።»

ወደ ኋላው ተገላመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ… ሰካራሙ የምትሉት ኮምፓስ አለ አይደል? ለነገ እሱን ስጪኝ። ቀዩን ክር ፍቺለት።»

መርፌ ወደ ቀዩ ክር ዞር ብላ አየች።

«ምን መሰለሽ» አለ። «ጫካ ይለወጣል። ድንጋዩ ባይገኝ ልጆቹ ሥራውን እንዳይጠሉ ነው። ኮምፓሱ ተበላሽቶ ነው ከተባለ ነገሩ በሳቅ ያልፋል።»

«ማነው የተበላሸ ኮምፓስ የሰጠዎት ቢባልስ?»

አላፈረም። ትከሻውን ሰበቅ አደረገ። «አንቺማ ለምደሽዋል» አላት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሰው ይበድላል፣ በደሉንም ይረሳል ይባላል። ይኼ ሰው ግን ረስቶት አልነበረም። ሁሉንም ያስታውሳል፤ ያው ሸክም ሁለተኛ እንዲጫንባት ነው ምድር ቤት ድረስ የወረደው። የመርፌ ደም ከእግሯ እስከ ራሷ ፈላ። ቢሆንም ፊቷ ላይ አልታየም፤ ሃያ አንድ ዓመት ተለማምዳበታለች። መደርደሪያው ጋ ሄዳ ከስልሳዎቹ ሁሉ የምታምነውን ሰባተኛውን አነሳች።

«ከዚህ መስኮት የተበላሸ አይወጣም ጌታዬ።»

«እያዘዝኩሽ ነው እኮ።»

«በጽሑፍ ይዘዙኝ። ‹ብልሹው ኮምፓስ ይሰጠኝ› ብለው ይፈርሙልኝ፣ አሁኑኑ ክሩን እፈታለሁ።»

ከንፈሩን ነከሰ። እሷ የመረከቢያውን መዝገብ ገልብጣ አቀረበችለት። «መርፌው ትክክለኛ መሆኑን አይቼ ተረክቤያለሁ» የሚለው ሥር ጣቷን አሳረፈች። ፈረመ። ምን ያድርግ?

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ገባች። የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑን ጨርቅ ሞልቶታል። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት፣ በተለይ በመቀስ። መርፌ ካርታ ስትዘረጋ መቀሱ ካልራቀ አይሆንም ትላለች። «የምበላበት ማንኪያም ብረት ነው ብለሽ በእጄ አስቀረሽኝ» ትላታለች እህቷ።

ያን ቀን ግን መርፌ ራሷ መቀሱን አምጥታ አቀበለቻት። «እታለም፣ ጸጉሬን ቁረጪልኝ። ከዚያ በምላጭ ላጪው። አንዲት ዘለላ እንዳትቀር።»

«ውይ! ማን ሞተብሽ?»

«ገና ነው። ነገ ነው።»

እህቷ መርፌና ክሩን ከአፏ አውጥታ ትክ ብላ አየቻት። ነገሩን ሁሉ ታውቃለች። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ» አለች።

«እኔ ምን ጸሎት ላይ ነኝ?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለችና እህቷ ወንበር ሳበችላት። ነጭ ጥቁር የተቀላቀለው ጸጉር ጨርቁ ላይ ወረደ። ስትጨርስ እህቷ ራሷን ዳበስ አደረገቻትና «አደራሽን፣ ቶሎ እንዳትጨርሺለት» አለቻት።

በማግስቱ አውቶቡሱ መንገዱ እስካለቀበት ወሰዳቸው። ሃያ ሁለት ሠልጣኞች፣ እያንዳንዳቸው መርፌ የመረመረችው ኮምፓስ በአንገታቸው። ሁለቱ የነሐሱን ሰሌዳ ተሸክመዋል። መርፌ ሻሿን አጥብቃ አስራ ከኋላ ትከተላለች። መጀመሪያ በደብተሩ መሠረት አራተኛውን ድንጋይ እንዲያገኙ ተደረገ። ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። አንዷ ሠልጣኝ የሸበተውን ሣር በእግሯ ገለጥ ስታደርገው ከነቁጥሩ ተገኘ። «ይኼን የተከለ ሰው እጁ ይባረክ!» አለች ልጅቷ። መርፌ ጎንበስ ብላ በመዳፏ ነካችው። 

ከዚህ ወዲያ መሪው ቀልጣፋው ነው። ሰባተኛውን ኮምፓስ ይዞ ቆመ፣ መቶ አሥራ ስምንትን አነበበ፣ ተጓዙ። እሱ ወደ ግራ ወደ ደረቁ ጠርዝ ሊያዘነብል ሲሞክር ሃያ ሁለት ልጆች ከኋላው ሆነው በየዋህነት «አለቃ፣ በቀኝ ነው! ሦስት ዲግሪ ወጥተናል!» ይሉታል። በደንብ ስለተማሩ ነው። አምስተኛው ቦታ ሲደርሱ ባዶ ሆነ። «ሰው ነቅሎት ይሆናል» አለ። አመኑት። «ዋናው ስድስተኛው ነው!» አለች መምህርቷ። ዘጠና አምስት ዲግሪ፣ አራት መቶ ሰማንያ ሜትር። እርምጃ የሚቆጥረው ሠልጣኝ «ሦስት መቶ ሜትር» ሲል የፊተኞቹ ጫማ ይጨቀይ ጀመር። «አራት መቶ» ሲል የቀልጣፋው አንድ እግር እስከ ጉልበቱ ገባ። ከፊታቸው ረግረጉ፣ ቄጠማው፣ እንቁራሪቱ።

 ሰሌዳውን የተሸከሙት ሁለቱ ተያዩ። «አለቃ፣ የት ላይ ነው የምንመታው?» አለ አንደኛው። ክፋት አልነበረውም።

«ኮምፓሱ!» አለ ቀልጣፋው። «ኮምፓሱ ልክ አይደለም።»

ሃያ ሁለት ራስ አንድ ላይ አቀረቀረ። «የእኔም ዘጠና አምስት ነው የሚለው» አለ አንዱ። «የእኔም።» «የእኔም።» እስከ መጨረሻው ዞረ።

ያኔ ዓይኑ መርፌ ላይ አረፈ፤ ምላሱም የለመደው መንገድ ሄደ። «እሷ ናት! ከጠዋት ጀምሮ አጠገባችን ናት እኮ! ጸጉሯ ላይ ብረት አለ፣ ታውቋታላችሁ፣ ምዕራፍ አራት ላይ አንብባችኋል…»

መርፌ ይህችን ቃል ነበር የምትጠብቀው። ከልጆቹ መሃል አለፈች፣ ፊቱ ቆመች፣ የሻሿን ቋጠሮ ፈታች፣ ሻሹን ወደ ታች ሳበችው። የተላጨው ራሷ ፀሐይ ላይ አበራ። አንዲት ጸጉር የለችበትም፤ የጸጉር ማስያዣ ምን ላይ ይሰካል? አንዷ ልጅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የሳቀ ግን የለም።

«አሁንስ የማን ነው ትላለህ?» አለችው።

‹ትላለህ› አለችው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ አንተ አለችው፤ እሱም አላረማትም።

ከቦርሳዋ አሮጌውን የመስክ ደብተር አወጣች። ለልጆቹ ገልጣ አሳየቻቸው፤ የእሷን አራት መስመር፣ የእሱን ሁለት መስመር፣ ካርታውን። ሦስት ዲግሪ የሚለውን ቃል ገና ሳትጨርሰው መምህርቷ ገባት። ፊቷ ተለዋወጠ። ወደ ቀልጣፋው ዞራ «ከካርታ ላይ ነው የቀዱት?» አለችው።  ጭቃው ውስጥ ያለው እግሩ ደግሞ ትንሽ ገባ።

«ጻፍ» አለች መርፌ፤ ደብተሩንና እርሳሱን ዘረጋችለት።

«ሠላሳ ሰባት ዓመት አገልግያለሁ» አለ በዝግታ። «በመጨረሻው ቀን… እባክሽ። ለሁለታችን ብቻ ይሁን። የፈለግሽውን አደርግልሻለሁ።»

«እኔን ስታስቅብኝ ለሁለታችን ብቻ ነበር?»

ጻፈ። «ድንጋይ ቁጥር አምስት፣ አልተተከለም። ድንጋይ ቁጥር ስድስት፣ አልተተከለም። አቅጣጫዎቹ አልተነበቡም።» እሷ ከኋላው ቆማ «‹የጸጉር ማስያዣዋ የእሷ አይደለችም› በል» አለችው፤ ጻፈ። «ቀን ጨምርበት» አለችው፤ ጨመረ። መምህርቷ ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችና እንደ ምስክር ፈረመችበት። ከሠልጣኞቹ አንዱ መመሪያውን ከቦርሳው አውጥቶ ምዕራፍ አራት ላይ ከጥግ እስከ ጥግ በእርሳስ ሰረዘ። ሌሎቹም እርሳስ ይፈልጉ ጀመር።

«ሰሌዳውንስ?» አሉ የተሸከሙት።

«አራተኛው ላይ እንዳትመቱት» አለች መርፌ። «ያ የእኔ ነው።»

ስለዚህ ቀልጣፋው ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የራሱን ስም ቁልቁል እያነበበ፣ እስከ ከተማ ድረስ በአውቶቡስ ተመለሰ። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። መርፌ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አዘነችለት ወይ? አላዘነችም፤ የልቧን አላውቅም አልላችሁም።

የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ኮምፓሱን የግድ መመለስ ነበረበት። በሁለተኛው ቀን ምድር ቤት ወረደ። ጫማው ላይ የደረቀ ጭቃ አለ። ቁልፉን ትሪው ላይ አስቀመጠ፣ ኮምፓሱን በመስኮቱ አቀበላት። ጊዜዋን ወስዳ አገላበጠችው። «በደህና ተመልሷል» ብላ ጻፈች። ዞሮ ሊሄድ ሲል «ቆይ» አለችው፤ ከመሳቢያው ያረጀውን ፖስታ አወጣች። የጸጉር ማስያዣዋን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አደረገችለት።

«ይህቺን ረስተሃል። የማን ነበረች?»

በጣቱ ገፋ አደረጋት። «የሚስቴ» አለ በመጨረሻ። «ከኮቷ ኪስ ነው የወሰድኳት። ፍለጋ ቤቱን ስታተራምስ ነበር ያን ሰሞን።»

መርፌ ፖስታው ላይ «ያልታወቀ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና እንደነገራት ጻፈችው። እስክሪብቶውን ወደ እሱ ገፋች።

«ፈርም» አለችው።

ፈረመ። የጸጉር ማስያዣዋን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ወጣ። መርፌም ሰባተኛውን ኮምፓስ ይዛ ወደ ግቢው ሄደች። የጸጉር ማስያዣዋ ብረት አጠገቡ ቀርቦ ነበርና ዳግመኛ መመርመር ነበረበት። ታንከሩ ላይ አነጣጠረች፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።